የንጉሥ ኩፉ ሁለተኛ ጀልባ፦ የፈረሰ እንጨት ዳግም እንዴት ይቆማል?

ጊዛ፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2025 በታላቁ የግብፅ ሙዚየም ግቢ፣ ለንጉሥ ኩፉ ጀልባዎች በተለየው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሬን አንድ ጥንታዊ ሳንቃ በቀስታ አንሥታ በተዘጋጀለት ድጋፍ ላይ አሳረፈች። ከ4,500 ዓመታት በፊት የተጠረበው ይህ ሳንቃ ለረጅም ጊዜ በቤተ ሙከራ ሲታከም ቆይቶ፣ የንጉሡ ሁለተኛ ጀልባ የመጀመሪያው የተገጠመ አካል ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በዝግ በር የሚካሄድ አይደለም። ሙዚየሙን ሊጎበኝ የመጣ ሁሉ ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ቁራጭ ሲያነሡ፣ ሲለኩና ሲያስቀምጡ ቆሞ ማየት ይችላል። የሚገጠሙት ቁርጥራጮች ወደ 1,650 ይደርሳሉ። ሥራው ወደ አራት ዓመት ሊወስድ እንደሚችል የጥገናው ኃላፊዎች ገልጸዋል።

በዚያው አዳራሽ የመጀመሪያው ጀልባ ሙሉ ሆኖ፣ ከ43 ሜትር በላይ በሚረዝም ግርማው ቆሟል። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን ተሠርተው፣ ከአንድ ፒራሚድ ሥር ጎን ለጎን በተፈለፈሉ ሁለት ጉድጓዶች ውስጥ ተቀብረዋል። ሆኖም አንደኛው ሲወጣ የእንጨት ሽታውን እንኳ አልለቀቀም ነበር፤ ሁለተኛው ግን በጣት ቢነካ የሚፈርስ ሆኖ ተገኘ። በመንትያዎቹ መካከል ይህን ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አየር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጀሶ የታሸገ ጉድጓድ

ታሪኩ የሚጀምረው በሜይ ወር 1954 ነው። በዚያን ጊዜ ከታላቁ ፒራሚድ በስተደቡብ ለዘመናት የተከመረው አሸዋና ፍርስራሽ እየተጠረገ ነበር። በሥራው ላይ የነበሩት መሐንዲስና የቅርስ ተመራማሪ ካማል አል-መላኽ ከፍርስራሹ ሥር በተርታ የተደረደሩ ግዙፍ የኖራ ድንጋዮችን አገኙ። ድንጋዮቹ በዐለት ውስጥ የተፈለፈሉ ሁለት ረጃጅም ጉድጓዶች ክዳን ነበሩ። በምሥራቅ በኩል ያለው ጉድጓድ በ41 ድንጋዮች የተከደነ ሲሆን፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በጀሶ ተደፍኗል። በአንዳንዶቹ ላይ የኩፉ ልጅና ተተኪ የሆነው የጀደፍሬ ስም ተጽፎ በመገኘቱ፣ ጀልባዎቹን በክብር የቀበራቸው ልጁ እንደሆነ ይታመናል።

ክዳኑ ሲበሳ ከጉድጓዱ ቀድሞ የወጣው ሽታ እንደነበር ይተረካል፤ የሊባኖስ ዝግባ ሽታ። ይህ ለአንድ የእንጨት ባለሙያ ከወርቅ የማይተናነስ ዜና ነው። እንጨትን የሚያበሰብሱት ሻጋታና ነፍሳት ለመኖር አየርና እርጥበት ይሻሉ። ጉድጓዱ በጥብቅ የታሸገ በመሆኑ የውስጡ ሙቀትና እርጥበት ለአርባ አምስት መቶ ዓመታት ብዙም ሳይዋዥቅ ቆይቷል። ከላይ የበረሃው ፀሐይ ሲነድ፣ የሌሊቱ ብርድ ሲወርድ፣ ነገሥታት ሲነሡና ሲወድቁ፣ ከታች ያለው እንጨት ምንም አልደረሰበትም።

በውስጡ የተገኘው ግን የቆመ ጀልባ አልነበረም። ጀልባው ተፈትቶ፣ በ1,224 ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ፣ በ13 ድርብርብ በሥርዓት ተቀምጦ ነበር። እንዴት እንደሚገጠም የሚናገር ጽሑፍ አብሮት አልተቀበረም። አንዳንድ ሳንቃዎች የአናጢዎች ምልክት ነበረባቸው፤ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ግን ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን እንቆቅልሽ እንዲፈቱ የተመረጡት የቅርስ ጥገና ባለሙያው ሐጅ አህመድ የሱፍ ሙስጠፋ ነበሩ። እኚህ ሰው ቀደም ሲል የኩፉን እናት የንግሥት ሄተፍሬስን የመቃብር ዕቃዎች በመጠገን የታወቁ ናቸው። ስለ ጀልባ አሠራር ግን ብዙም አያውቁም ነበር። ይህንንም አልሸሸጉም። ከሊቃውንት መጻሕፍት አስቀድመው ወደ ናይል ዳርቻ ወረዱ፤ በጥንታዊቷ ካይሮና በመዓዲ የነበሩ የጀልባ መሥሪያ ቦታዎችን እየጎበኙ አናጢዎቹ ሳንቃ እንዴት እንደሚያጎብጡ፣ ጎን ለጎን እንዴት እንደሚያጋጥሙ ተመለከቱ። ከዚያም በመቃብር ግድግዳዎች ላይ የተቀረጹትን ጀልባዎች አጠኑ፤ በትንሽ መጠን ሞዴል ሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እውነተኛው እንጨት የተመለሱት። ጀልባውን ደጋግመው፣ አምስት ጊዜ ያህል ገጥመው አፍርሰዋል። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ ጀልባው በተገኘበት ጉድጓድ ላይ የተሠራው ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈተው በ1982 ነው።

ካይሮን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የፈርዖንን ጀልባ ምስጢር ለመፍታት ቁልፉን ያቀበሉት ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ፣ መጋዝና መዶሻ የያዙ የናይል ዳርቻ አናጢዎች ናቸው።

ሚስማር የሌለው ጀልባ

ሐጅ አህመድ የሱፍ ያገኙት መልስ አስደናቂ ነው። የኩፉ ጀልባ የተያያዘው በሚስማርም በሙጫም ሳይሆን በገመድ ነው። ትልልቆቹ ሳንቃዎች የሊባኖስ ዝግባ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲገጠሙ እንዳይንሸራተቱ እንደ ቁርቁራ ካለ ጠንካራ እንጨት የተጠረቡ ትናንሽ ማጋጠሚያዎች በመካከላቸው ይገባሉ። ከዚያ በሳንቃዎቹ የውስጥ ገጽ በተፈለፈሉ ቦዮች በኩል ከሃልፋ ሣር የተገመደ ገመድ ከአንዱ የጀልባ ጎን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጀልባው እንደ ልብስ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ቀዳዳዎቹ ወደ ውጪው ገጽ አይዘልቁም፤ ስለዚህም ውሃ የሚገባበት መንገድ የለም።

የዘዴው ብልኃት ጀልባው ውሃ ላይ ሲወርድ ይገለጣል። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ገመዱ ሲርስ ይኮማተራል። አንዱ ወደ ውጪ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ሲስብ ስፌቱ ራሱን ይዘጋል። ጀልባው ወደ ደረቅ ምድር ሲወጣ ደግሞ ስፌቱ ይላላል፤ ካስፈለገም ተፈትቶ በቁርጥራጭ ይጓጓዛል። ንጉሡ በተቀበረ ጊዜ በ1,224 ቁራጭ ተፈትቶ ሊቀበር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥበብ ከፈርዖኖች ጋር አልጠፋም። አንዳሉሳዊው መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ1183 ወደ ሐጅ ሲጓዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የዐይዛብ ወደብ ያያቸውን ጀልባዎች ሲገልጽ፣ አንድም ሚስማር እንደሌለባቸውና ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ የተሰፉ እንደሆኑ ጽፏል። ከኩፉ አናጢዎች ወደ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደግሞ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ታሪክ አለ። በ1969 የጸደይ ወራት ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል በጊዛ ፒራሚዶች አቅራቢያ ድንኳን ተክሎ፣ «ራ» የተባለችውን የደንገል ታንኳ አስገነባ። ደንገሉ የመጣው ከጣና ሐይቅ ነበር። ግብፅ በጥንት ዘመን በደንገል ብትታወቅም በዚያን ጊዜ በናይል ዳርቻ ለዚህ የሚበቃ ደንገል አልነበረም፤ በጣና ላይ ግን ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ተክሉን በየዕለቱ ይቆርጡት ነበር። ታንኳዋን ያሰሩት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ናቸው። የጣና ደንገል፣ የቻድ እጅ፣ የጊዛ አሸዋ፤ አፍሪካ በአንድ ታንኳ ላይ ተገናኘች።

«ራ» ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ለማቋረጥ ወጣች። ከ56 ቀናት በኋላ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሳይርቋት ተተወች፤ የኋላዋ ጫፍ ሰምጦ ነበር። ምክንያቱ ከገመድ ጋር የተያያዘ ነው። በግብፅ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ ከቆልማማው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ የገመዱ ጥቅም ስላልታያቸው አስቀሩት፤ ገመዱ ግን የኋላዋን ጫፍ እንደ ጅማት ወጥሮ የሚይዝ ነበር። በተከታዩ ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች የተገነባችው «ራ 2» በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰች።

አየር የገባበት ጉድጓድ

በምዕራብ በኩል ያለው ሁለተኛው ጉድጓድ ከ1954 በኋላ ሳይከፈት ቆየ። የመጀመሪያው ጀልባ በቂ ሥራ ነበር፤ ደግሞም የታሸገ ነገር እንደታሸገ ቢቆይ ይሻላል የሚል እምነት ነበር። በ1987 ግን የግብፅ የቅርስ ድርጅትና ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ፣ ትውልደ ግብፃዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ፋሩቅ አል-ባዝ በተሳተፉበት ሥራ፣ በክዳኑ ድንጋይ ላይ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ለመብሳት ወሰኑ። ዓላማቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ጉድጓዱ በእርግጥ የታሸገ ከሆነ በውስጡ የፒራሚድ ዘመን አየር አለ ማለት ነው። ይህን አየር ሳይበከል አውጥቶ መመርመር ከተቻለ የምድር ከባቢ አየር በጥንት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህም መሰርሰሪያው የውጪ አየር አንዲት ትንፋሽ እንኳ እንዳያስገባ ሆኖ ተዘጋጀ።

ናሙናው ሲመረመር ግን የጥንት አየር አልሆነም። ጉድጓዱ ከውጪ ጋር ሲተነፍስ ኖሯል። በቀዳዳው የወረደው ካሜራም የጀልባውን ሳንቃዎች ካሳየ በኋላ አንዲት ሕያው ጥንዚዛ ስትንቀሳቀስ አሳየ። ለተመልካች ትንሽ ነገር ልትመስል ትችላለች፤ እንጨት ለሚያውቅ ሰው ግን የጥንዚዛዋ መኖር ብቻውን ፍርድ ነበር። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ለነፍሳትም ለእርጥበትም በር ነው።

ከዚያ በኋላ በፕሮፌሰር ሳኩጂ ዮሺሙራ የሚመራው የጃፓን ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከግብፃውያን ባለሙያዎች ጋር ባካሄደው ጥናት ነፍሳት ገብተው እንደነበርና ከጎን ካለው ሙዚየም ውሃ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ እንደነበር ተገልጿል። አሳዛኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጀልባ ለመጠበቅ የተሠራው ቤት ሁለተኛውን ጎዳው። ይህን የሠሩት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ጥንታዊው ክዳን እንደ ዐለት የማይበገር መስሏቸው ነበር።

ስለዚህ እንጨቱን ባለበት መተው የማይቻል ሆነ። በ2011 የመጀመሪያው የክዳን ድንጋይ ተነሣ፤ ከ2013 ጀምሮ ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። በጉድጓዱ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተከለ፤ በዚያው አጠገብ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የተገኘው እንጨት በብዙ ቦታ ውስጡ ተበልቶ፣ መልኩን ብቻ ይዞ የቀረ ነበር። ቢሆንም ይዞት የመጣው ዕውቀት ብዙ ነው። በ2016 ለምሳሌ 8 ሜትር የሚረዝም፣ ከብረታ ብረት የተሠሩ ቀለበት መሰል መያዣዎች የተገጠሙበት አንድ ሳንቃ ወጣ። የዘርፉ ባለሙያዎች መያዣዎቹ መቅዘፊያዎች የሚያርፉባቸው እንደሆኑ ገምተዋል። በመጀመሪያው ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጀልባዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ የታነጹ ላይሆኑ ይችላሉ።

የዛሬ ጀልባ ሠሪ መልስ

የተዳከመን የጀልባ እንጨት እንዴት ማጠንከር ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለዘመናችን ጀልባ ሠሪዎች እንግዳ አይደለም። ማለዳ በዶቂና በአጉዛ በኩል በናይል ዳርቻ የሚያልፍ ሰው የቀዘፋ ክለቦች ጠባብ ጀልባዎች እንደ ቀስት ሲወረወሩ ያያል። እንዲህ ያሉት የውድድር ጀልባዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ከካርቦን ፋይበር ነው። ካርቦን ፋይበር ከሰው ጠጉር በአሥር እጥፍ ገደማ የቀጠነ ጥቁር ክር ሲሆን፣ ተሸምኖ በሙጫ ሲጠነክር ከብዙ ብረቶች ይልቅ ለክብደቱ ጠንካራ ይሆናል።

ፋብሪካ የሌላቸው፣ በጓሯቸው ወይም በመኪና ማቆሚያቸው ጀልባ የሚሠሩ ሰዎችም በዚህ ይጠቀማሉ። መሪውን፣ መቅዘፊያውን ወይም የሸራውን ምሰሶ ከቀላል እንጨት ይጠርቡና ካርቦን ያለብሱታል። እንጨቱ ቅርጹንና ሆዱን ይሰጣል፤ ካርቦኑ ጥንካሬውን። ችግሩ ጨርቁ በእንጨቱ ላይ ሳይነሣና ሳይሸበሸብ እንዲጣበቅ እኩል መጫን አለበት። በማዕዘኑ፣ በጎባጣው፣ በቀጭኑ ጠርዝ ላይ ሁሉ እኩል የሚጫን ማሰሪያ ደግሞ የለም። ስለዚህ ጭነቱን አየር እንዲሠራው ያደርጋሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ በሚገባ ይደርቃል፤ ውስጡ እርጥበት ከቀረ በኋላ ታፍኖ ይበሰብሳል። ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ኢፖክሲ የተባለው ሙጫ ይቀባል፤ በሙጫው የራሰው የካርቦን ጨርቅ ይለብሳል። በላዩ ሙጫ የማይዘው ናይለን፣ ቀጥሎ የተበሳሳ ስስ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ትርፉን ሙጫ የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ ይደረደራል። በመጨረሻ ሁሉም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ አፉ እንደ ማስቲካ በሚለጠጥ ጥብጣብ ይታሸጋል፤ አንድ ቱቦም ወደ ፓምፕ ያገናኘዋል።

ፓምፑ ሲነሣ ከረጢቱ እንደ ቆዳ በእንጨቱ ላይ ይጣበቃል። ብዙ ሰው ፓምፑ የጫነው ይመስለዋል፤ ፓምፑ ግን አየር ከመውሰድ በቀር የሠራው ነገር የለም። የሚጫነው በላያችን ያለው ሰማይ ነው። የከባቢ አየር ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10 ቶን ይጠጋል፤ በውስጥ ያለው አየር ስለሚመጣጠነው ብቻ ነው የማይሰማን። መካከለኛ የሆነ ፓምፕ ከዚህ 80 በመቶውን ሥራ ላይ ቢያውል፣ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሪ በእያንዳንዱ ገጹ ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ጭነት ይሸከማል፤ ያለ አንዳች መቆንጠጫ።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በእሽጉ ላይ ነው። በጥብጣቡ ሥር የቀረች አንዲት ሽብሽብ፣ በላስቲኩ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ጭነቱን ታጠፋዋለች። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ የግፊት መለኪያውን ብቻ አያምንም፤ ጆሮውን ከከረጢቱ አጠገብ አድርጎ የምታፏጭ ቀዳዳ ትኖር እንደሆነ ያዳምጣል። በካይሮ ያለ ሰው ይህን ሥራ ቢሠራ ሌላም ፈተና ይጠብቀዋል። ኢፖክሲ በሙቀት ይጣደፋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመሥሪያው ጊዜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። የበጋው ቀትር ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ጨርቁ ሳይደላደል ሙጫው ይጠነክራል። ደግሞም እንጨት ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ሙጫውን አረፋ ያደርገዋል። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ ቀኑ መቀዝቀዝ ሲጀምር ከመሸ በኋላ ይሠራል፤ እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ሙጫውን ወደ ውስጡ ይስበዋልና።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ዘዴ ካለ፣ የተበላውን የኩፉ እንጨት በካርቦን አልብሶ ማቆም አይቻልም ነበርን? አይቻልም። አንደኛ፣ በጣት የሚፈርስ እንጨት በካሬ ሜትር ስምንት ቶን ቢጫንበት ዱቄት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ልባስ የጥንቱን አናጢ የመጥረቢያ ምልክት፣ የገመዱን ቦይ፣ የማጋጠሚያውን ቀዳዳ ሁሉ ይሸፍናል፤ ከጀልባው የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ግን ሌላ ነው። የጠነከረ ኢፖክሲ አይመለስም። በውሃ አይሟሟም፣ በአልኮል አይለቅም፤ እንጨቱን ሳይጎዱ ማንሣት አይቻልም። ለጓሮ ጀልባ ሠሪ ይህ ምስጋና ነው፤ መሪው በባሕር መካከል እንዲላቀቅ አይፈልግምና። ለቅርስ ጠባቂ ግን ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተሻለ ዘዴ የሚያገኝ ባለሙያ የዛሬውን ሥራ ማንሣት መቻል አለበትና።

በሙዚየሙ የተመረጠው መንገድ ከእንጨቱ ጋር የሚዛመድ ነው። ቁርጥራጮቹ የታከሙት በናኖ ሴሉሎስና «ክሉሴል ኢ» በተባለው ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ እንደሆነ የሥራው ኃላፊ ዶክተር ኢሳ ዘይዳን ገልጸዋል። ሴሉሎስ የእንጨት ዋና ሥጋ ነው፤ ነፍሳቱና ሻጋታው የበሉት ሴሉሎሱን እንደሆነ ሲታሰብ፣ ሕክምናው የጎደለውን በራሱ ዘመድ የመሙላት ያህል ነው። ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ ደግሞ በውሃና በአልኮል የሚሟሟ በመሆኑ ነገ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው፣ የካርቦንን ጥንካሬ አይሰጥም። ጀልባው በራሱ አቅም ሊቆም ስለማይችል ከሥሩ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ባለሙያዎቹ ጥንካሬን ትተው መመለስን መርጠዋል፤ ምርጫው ውድ ቢሆንም ትክክል ነው።

አየርን ማስወጣት ራሱ ግን ለቅርስ ጠባቂዎች እንግዳ አይደለም። በካይሮ የዚህን ምሳሌ ብዙ ሰው በዓይኑ አይቷል። ኤፕሪል 3 ቀን 2021 ሃያ ሁለቱ የነገሥታትና የንግሥታት አስከሬኖች ከተሕሪር አደባባይ ወደ ፉስጣጡ የሥልጣኔ ሙዚየም በታላቅ ሰልፍ ሲዛወሩ የተቀመጡት ናይትሮጅን በተሞሉ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። ኦክስጅን በሌለበት ሻጋታ አይለመልምም፤ ጥንዚዛም አትኖርም። በዓለም ያሉ ሙዚየሞችም በነፍሳት የተጠቃን የእንጨት ዕቃ በማይተነፍስ ከረጢት አሽገው፣ አየሩን በናይትሮጅን ተክተው ለሳምንታት ያቆያሉ። ከረጢቱ ከጀልባ ሠሪው ከረጢት ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ እዚህ ምንም የሚጫን ነገር አለመኖሩ ነው። የጀደፍሬ ሠራተኞች በጀሶ የሠሩትንም ይመስላል።

የመጀመሪያው ጀልባ ከፒራሚዱ ጎን የለቀቀው በዚያው ዓመት፣ በኦገስት 2021 ነው። ከቤልጅየም በመጣ፣ ከርቀት በሚመራ ብዙ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ላይ ሳይፈታ እንዳለ ተጭኖ፣ በብረት ማቀፊያ ውስጥ ሆኖ፣ ሌሊቱን ወደ 10 ሰዓት ያህል ተጉዞ ወደ ታላቁ ሙዚየም ገባ። የሚያህለውን መንገድ አንድ ታክሲ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሙዚየሙ በኖቬምበር 1 ቀን 2025 በይፋ ሲመረቅ ጀልባው በአዲሱ ቤቱ ነበር።

ለሁለተኛው ጀልባ ጃፓን በትብብር ድርጅቷ በጃይካ በኩል 3.5 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጥታለች። ገንዘቡ ትልቅ ቢሆንም የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ገንዘብ አይደለም። ሐጅ አህመድ የሱፍ በጠንካራ እንጨት ላይ ይሠሩ ስለነበር ስህተታቸውን በእጃቸው ማረም ችለዋል፤ ገጥመው፣ አይተው፣ አፍርሰው እንደገና ጀምረዋል። የአሁኖቹ ባለሙያዎች ይህ ዕድል የላቸውም። ከጉድጓዱ የወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ በሌዘር ተለክቶ ቅርጹ በኮምፒዩተር ተመዝግቧል፤ መግጠምና ማፍረስ፣ መሳሳትና ማረም አስቀድሞ በዚያ ምስል ላይ ያልቃል። እውነተኛው እንጨት ደጋግሞ መነሣትን አይችልም። ክሬኗ ቀስ ብላ የምትሄደውም ለዚህ ነው፤ ወደ 1,650 ከሚጠጉት ቁርጥራጮች ብዙዎቹ ገና በመደርደሪያ ላይ ናቸው።